ከውጫሌ ድንኳን እስከ ቶኪዮ ጎዳና

ውጫሌ በታሪካችን የምትነሣው በአንድ ቀንና በአንድ አንቀጽ ነው። ቀኑ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጹ ደግሞ 17ኛው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ፣ አምባሰል ውስጥ ከዛሬዋ የውጫሌ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው ይስማ ንጉሥ፣ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ባለ 20 አንቀጽ ውል ተፈራረሙ። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ሌላ ቀን ግን አለ። ከይስማ ንጉሡ ፊርማ 80 ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 5 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በቶኪዮ ቤተ መንግሥታቸው የአገራቸውን ሕገ መንግሥት አውጀው ነበር። በዚያ ሰሞን በአምባሰል ስለ ቶኪዮ፣ በቶኪዮም ስለ አምባሰል የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከ42 ዓመት በኋላ ግን የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በቶኪዮ ጎዳና አለፉ፤ ያዩትንም በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። እኔ የምለው እነዚህ ሁለት ቦታዎች በአንድ የታሪክ ክር የተያያዙ ናቸው። የኅሩይ ጉዞ ውጫሌ ላይ የተነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ኢትዮጵያ ዓለምን በማን ዓይን ታያለች፣ በማንስ አንደበት ታናግራለች የሚለው፣ ያገኘው አንዱ መልስ ነበር። መልሱ ትልቅ ድል ነበረው፤ ትልቅ ጉድለትም ነበረው። ድሉ ጎዳናውን በራስ ዓይን ማየቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ከጎዳናው ሥር ያለውን መሠረት በበቂ አለመመርመሩ ነው።

የ17ኛው አንቀጽ ጠብ በትምህርት ቤት የሚነገረን እንደ ቋንቋ ጠብ ነው፤ የአማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር ይችላሉ ይላል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ነገሩ ከቃል ያለፈ እንደነበር የሚያሳየው ከፊርማው በኋላ የሆነው ነው። ኢጣሊያ ጥቅምት 2 ቀን 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ባስተላለፈችው ማስታወቂያ፣ ኢትዮጵያ ከእንግዲህ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በእርሷ በኩል እንደሆነ ነገረቻቸው። ምኒልክ ንግሥናቸውን ለማሳወቅ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለሌሎች ነገሥታት በቀጥታ ሲጽፉ፣ የመጣላቸው መልስ ጉዳዩ በሮም በኩል እንዲሄድ የሚያመለክት ሆነ። አንድ ንጉሥ በስሙ የጻፈው ደብዳቤ በሦስተኛ ሰው እጅ እንዲዞር ሲባል ምን ያህል እንደሚያስቆጣ መገመት አያዳግትም። ምኒልክ ውሉን በየካቲት 1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦር ተቋጨ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል ደግሞ ውጫሌ በወረቀትም ተሻረ። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ባሕር ተሻግሮ በሄደ ቁጥር፣ ሰውዬው ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚሄደው ይስማ ንጉሥ ላይ በተጠየቀውና ዐድዋ ላይ በጸናው መብት ነው። ስለዚህ የመንገደኛ ማስታወሻ ለኛ እንደ ሌላው አገር የመዝናኛ ጽሑፍ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያለ አማላጅ ማየትና ያየውን በራስ ቋንቋ መጻፍ በደም የተገዛ ነገር ነበር።

ጃፓን ወደዚህ ታሪክ የገባችው በ1897 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጃፓን ታላቂቱን ሩሲያን በባሕርም በየብስም ድል ነሣች። ከዐድዋ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ የአውሮፓን ኃያል መንግሥት አሸነፈ ማለት ነው። የዘመኑ የኢትዮጵያ ምሁራን በዚህ ተደስተው ብቻ አልቀሩም፤ ተደናግጠውም ነበር። እኛ በአንድ ቀን ጦርነት ያዳንነውን ነፃነት እነርሱ በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤትና በመርከብ አጽንተውት ነበርና። ከነዚህ ምሁራን ሁሉ አርቆ ያየው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፉ የጃፓን መንግሥት ትምህርትን አጥብቆ ስለያዘ አገሪቱ እንደከበረች አመልክቶ፣ የኛም መንግሥት ያንን መንገድ እንዲከተል መከረ። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ ጥያቄውን ወደ ኢኮኖሚ አወረደው፦ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የድካሙን ፍሬ ዕውቀት ላለው ያስረክባል፤ በንግድ የሚገናኙ ሁለት አገሮች ዕውቀታቸው ካልተመጣጠነ አንዱ ለሌላው ገባር ይሆናል። ገብረ ሕይወት ስለ ጃፓን የጻፈው ቶኪዮን ረግጦ አይደለም። ይህን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጎዳናውን ያየውና ያላየው ሰው ምን ምን እንደጻፉ ማነጻጸር የክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመርሐ ቤቴ የተወለዱ፣ በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩ፣ ከታላላቅ መሳፍንት ወገን ሳይሆኑ በብዕራቸው ከፍ ያሉ ሰው ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በዓል ለንደን ከሄዱት አንዱ ነበሩ፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን አይተዋል። ስለዚህ ጃፓን የደረሱት ፎቅና ባቡር ብርቅ የሚሆንበት ሰው ሆነው አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የጃፓን ልዑክ በበዓሉ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር በኅዳር ሁለቱ አገሮች የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁት፣ ያ ውጫሌ በተፈረመበት ዓመት የወጣው የሜይጂ ሕገ መንግሥት ዋና ምሳሌያቸው ነበር። ኅሩይ ከልጅ አርአያ አበበ፣ ከተፈሪ ገብረ ማርያምና ከዳባ ብሩ ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ የህንድ ውቅያኖስን አቋርጠው በጥቅምት 1924 ዓ.ም. መጨረሻ ጃፓን ገቡ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴን መልእክት ለጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ለሂሮሂቶ አቀረቡ፤ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ጎበኙ፤ የሁለቱን አገሮች ባንዲራ የያዘ ሕዝብ በየመንገዱ ተቀበላቸው። ሲመለሱ ያሳተሙት መጽሐፍ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ በቶኪዮ ታተመ።

ያን ጊዜ የነበረችው ቶኪዮ የትኛውንም መንገደኛ የምታስደምም ነበረች። ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥና ያስነሣው እሳት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፈጅቶ የከተማዋን ሰፊ ክፍል አመድ አድርጎት ነበር። ከተማዋ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ የብረት ድልድዮችና የኮንክሪት ሕንፃዎች ይዛ ተነሣች፤ የመልሶ ግንባታው ፍጻሜ የተከበረው ኅሩይ ከመድረሳቸው ከሁለት ዓመት በታች ቀደም ብሎ ነው። ከአሳኩሳ እስከ ኡዌኖ በታኅሣሥ 1920 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር በእስያ የመጀመሪያው ነበር። በጊንዛ መንገድ ግራና ቀኝ ባለብዙ ፎቅ መደብሮች ተደርድረዋል፤ መሐሉን የኤሌክትሪክ ባቡር ይመላለስበታል፤ በከተማው ውስጥ የትም ቢወስዱ አንድ የን የሚያስከፍሉ ታክሲዎች ሰው እየተሻሙ ይጭናሉ። ሱፍ የለበሰ ጸሐፊ፣ ኪሞኖ ለብሳ የእንጨት ጫማ የተጫማች እናት፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ዘመናይ ወጣት በአንድ የእግር መንገድ ይተላለፋሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በዘውዱ በዓል ሰሞን እንግዳው እንዳያያቸው ጎስቋላ ቤቶች በአጥር ተከልለው ነበር። ከዚህ የሄደ ሰው እዚያ የሚያየው ነገር ሁሉ ለአንድ ሐሳብ ምስክር ይሆነዋል፤ ቀሚሱን፣ ቤተ መቅደሱንና ንጉሡን ሳይጥል የሠለጠነ ሕዝብ አለ ለሚለው ሐሳብ።

የኅሩይ መጽሐፍም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ኅሩይ ከሁሉ ይልቅ የፈለጉት መመሳሰልን ነው። ሂሮሂቶ ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ከጂሙ 124ኛ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሰሎሞን 126ኛ ተብለው ተቆጠሩ። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሾጉን በሚባሉት የጦር ገዦች እጅ ስም ብቻ ሆኖ የቆየበት ዘመን ከኛው ዘመነ መሳፍንት ጋር ተያዘ። ጃፓን ለባዕዳን በሯን የዘጋችበት ጊዜ፣ ዐፄ ፋሲለደስ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮናውያን ካስወጡበት በኋላ ከመጣው ዘመን ጋር ተነጻጸረ። ይህ ንጽጽር ዛሬ ለሚያነበው ሰው የዋህ ሊመስል ይችላል፤ ለተጻፈለት አንባቢ ግን ብልህ ነበር። በ1924 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ሃይማኖት ያስክዳል፣ ሥልጣኔ የንጉሥን ክብር ያዋርዳል የሚል መኳንንትና ካህን ሞልቶ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ፓሪስንና ለንደንን መጥቀስ ፍርሃቱን ማባባስ ነው። ቶኪዮን መጥቀስ ግን አፉን ያስይዘዋል፤ እነሆ አሮጌ ዙፋን፣ እነሆ ነባር ሃይማኖት፣ እነሆም የምድር ውስጥ ባቡር! ኅሩይ ጎዳናውን የተጠቀሙበት እንደ ጠበቃ ነው። ፍርድ ቤትም ያውቃሉ፤ የውጭ ዜጎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር የሚታይበትን ልዩ ፍርድ ቤት የመሩ ሰው ነበሩ። ያ ፍርድ ቤት ራሱ ፈረንሳይ በ1900 ዓ.ም. ውል ለዜጎቿ ያገኘችው የተለየ የዳኝነት መብት ያስከተለው ነገር ስለነበር፣ ዐድዋ የአገሪቱን እጅ ሁሉ እንዳልፈታ ከኅሩይ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ጃፓን ግን በዐድዋ ዘመን ግድም፣ በ1886 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረመችው አዲስ ውል፣ እንዲህ ያለውን ቀንበር በድርድር አውርዳለች። ይህም ለኅሩይ ከየትኛውም ፎቅ የበለጠ የሚያስቀና ነበር።

ይሁንና ጠበቃ ለደንበኛው የማይጠቅመውን ማስረጃ አያቀርብም። በዚያው ወራት በቶኪዮ ያለው ነገር በጊንዛ መብራት ብቻ የሚነበብ አልነበረም። የጃፓን ጦር መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም. በሙክደን አጠገብ ራሱ ያፈነዳውን የባቡር ሐዲድ ሰበብ አድርጎ ማንቹሪያን መውረር ጀምሯል፤ ኅሩይ ጃፓን የገቡት ይህ በሆነ በሁለት ወር ውስጥ ነው። ቻይና እንደ ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች። አቤቱታዋን ለጄኔቫ አቅርባ መልስ እየጠበቀች ሳለ፣ ኢትዮጵያ ከወራሪው ጋር ወዳጅነት ታጠብቅ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የነበረው ገበሬ በዚያ ዓመት አዝመራው ከስሮበት፣ የሐር ዋጋ በዓለም ገበያ ወድቆበት፣ ልጆቹን እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። ከጉብኝቱ አንድ ዓመት በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ሃማጉቺ በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመትተዋል፤ በዚያው ሳቢያም ሞተዋል። ኅሩይ ገና ጃፓን ሳሉ ሥልጣን የያዙት ኢኑካይም ግንቦት 7 ቀን 1924 ዓ.ም. በወጣት መኮንኖች ተገደሉ። የከተማዋ አስፋልት ገጽ ይህን ሁሉ አያሳይም። ጎዳና ሁልጊዜ የሚያሳየው የተሳካውን ነው፤ የተራበው ገበሬ በባቡር የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ ነው ያለው፤ የሚያሴረው መኮንንም እንደ ማንኛውም ሰው ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ ኅሩይ የመንግሥት እንግዳ ነበሩ፤ ያዩት የታዩትን ነው፤ ቋንቋውን አያውቁም፤ የቆዩትም ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ያላሳዩዋቸውን አላዩም ብሎ መውቀስ ፍትሕ ነው? ነቀፌታዬ በግል ወደ እሳቸው እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። እንዲያውም በዚያ አጭር ጊዜ ያን ያህል ማስተዋልና መጻፍ የሚደነቅ ነው፤ መጽሐፉም የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ ዘመን ምን ይመኝ እንደነበር የሚነግረን ምስክር ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ጉድለቱ በላኪው ነው። አንድ መንግሥት የሌላውን አገር ምሥጢር ለመማር ሲነሣ በአራት ሰው ዓይንና በአንድ መጽሐፍ ይበቃኛል ማለት ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። ይህን ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ራሷ ጃፓን ሚዛኑን ትሰጠናለች።

በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ጃፓን በኢዋኩራ ቶሞሚ የሚመራ ልዑክ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ልካ ነበር። ተማሪዎቹ ሲጨመሩ መንገደኞቹ 100 ያህል ነበሩ፤ ከሹማምንቱ መካከል አገሪቱን በኋላ የመሯት ኦኩቦ፣ ኪዶና ኢቶ ነበሩበት። ከመንግሥቱ ግማሽ ያህሉ ባሕር ተሻገረ ማለት ይቻላል። ዋናው ጉዳያቸው ከኛ ከውጫሌው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ጃፓን ሳትወድ የፈረመቻቸውን ያልተካከሉ ውሎች ማሻሻል። በዚህ አልተሳካላቸውም። ባዶ እጃቸውን ግን አልተመለሱም። ለሁለት ዓመት ገደማ እየዞሩ ምክር ቤቱን፣ ወህኒ ቤቱን፣ የከሰል ጉድጓዱን፣ የጨርቅ ፋብሪካውን፣ የከተማ የውኃ ቧንቧውን አንድ በአንድ መረመሩ። ጸሐፊያቸው ኩሜ ኩኒታኬ ያዘጋጀው ዘገባ አምስት ጥራዝ ሆኖ ታተመ። አብረው ከሄዱት አምስት ልጃገረዶች ትንሿ ፁዳ ኡሜኮ ስትነሣ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ አድጋ ተምራ ተመልሳ፣ በኋላ ለሴቶች ኮሌጅ አቋቋመች። የዚህን ልዑክ ጥንካሬ የሚያሳየው ብዛቱ ብቻ አይደለም። ያየውን ሥራ ላይ የሚያውል መንግሥት ከኋላው ነበረው፤ መንገደኛውና ሕግ አውጪው አንድ ሰው ነበር። ኢቶ ሂሮቡሚ ያን ጊዜ በመንገደኝነት የምዕራቡን ዓለም አየ፤ በ1881 የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውም እሱ ነው።

ኅሩይ ያደነቁት ጎዳና ከዚህ ሁሉ በታች የተሠራ መሠረት ነበረው። የጊንዛን መንገድ የዘመናዊነት ምልክት ያደረገው የ1864ቱ የእሳት ቃጠሎ ነው፤ መንግሥት ከቃጠሎው በኋላ መንገዱን አስፍቶ በጡብ አሠራው። በዚያው ዓመት ሁሉን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራ አዋጅ ወጣ። በሚቀጥለው በ1865 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ መሬት ተለክቶ ለባለይዞታው ወረቀት ተሰጠው፤ በዓይነት ይከፈል የነበረው ግብርም የመሬቱ ዋጋ 3 በመቶ ሆኖ በገንዘብ እንዲከፈል ተወሰነ። ይህ ለስላሳ መንገድ አልነበረም። ገበሬው ዐምፆ ትምህርት ቤት አቃጥሏል፤ ግብሩም ወደ 2 ተኩል በመቶ ዝቅ እንዲል አስገድዷል። ከዚያም በፊት በየመንደሩ በነበሩት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ከወንዶቹ ወደ 40 በመቶ ገደማ ማንበብና መጻፍ ይችል እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። እንግዲህ የሜይጂ ሕገ መንግሥት የመጣው ከትምህርት አዋጁ 17 ዓመት ገደማ፣ ከመሬት ግብሩ 16 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የኛው የ1923 ሕገ መንግሥት ግን የመጣው ብቻውን ነው። ገባሩ በነበረበት ገባር፣ ጉልቱ በነበረበት ጉልት፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤቱ በጥቂት ከተሞች ተወስኖ ሳለ፣ ጣራው ከጃፓን ተቀድቶ ያለ ግድግዳ ተዘረጋ። ገብረ ሕይወት በጽሑፉ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ እሱ የጠየቀው ስለ ግብር፣ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ትምህርት ነው። ጎዳናው ስላልነበረው መሠረቱን ለማሰብ ተገደደ ማለት ይቻላል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የበረታ ነው። ጃፓን ከሜይጂ መነሣት እስከ ሩሲያ ድል 37 ዓመት ያህል አግኝታለች፤ ኢትዮጵያ ከኅሩይ ጉዞ እስከ ኢጣሊያ ወረራ ያገኘችው አራት ዓመት ነው። ጃፓን በባሕር የተከበበች ደሴት ነች፤ ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት፣ በሦስት ቅኝ ገዥዎች የተከበበች አገር ነበረች። ስለዚህ ሙከራው የከሸፈው በወራሪ ጉልበት እንጂ በማየት ጉድለት አይደለም ሊባል ይችላል። የዚህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። በ1928 ዓ.ም. የመጣውን የመርዝ ጋዝና የአየር ኃይል በአራት ዓመት የትምህርት አዋጅ መመከት አይቻልም ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ግን ይቀራል። መመሳሰልን የፈለገው ዓይን ጃፓንን እንደ ዘመድ ስላያት፣ እንደ መንግሥት ጥቅሟን የምትመዝን መሆኗን ዘነጋ። ልጅ አርአያ ከአንዲት የጃፓን ባላባት ልጅ ጋር ሊጋቡ ነው የሚለው ወሬ የሁለቱን አገሮች ጋዜጦች ሲያሟሙቅ፣ ቶኪዮ ሒሳቧን ትሠራ ነበር። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በሮም የነበሩት የጃፓን አምባሳደር አገራቸው በኢትዮጵያ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌላት ለሙሶሊኒ ገለጡ። ዳባ ብሩ እርዳታ ፍለጋ ዳግመኛ ቶኪዮ ቢሄዱም ያገኙት ከሕዝቡ የመጣ አዘኔታ እንጂ ከመንግሥት የመጣ ጦር አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጃፓን የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ይዞታ ተቀበለች፤ ኢጣሊያም በምላሹ ጃፓን ማንቹሪያ ላይ ያቆመችውን መንግሥት ተቀበለች። መስከረም 7 የተጀመረው ወረራና ኅሩይ የጎበኙት ጎዳና በመጨረሻ በአንድ ገበታ ተገናኙ። ኅሩይ ራሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ።

ጎዳና የሥልጣኔ ፍሬ እንጂ ሥልጣኔ ራሱ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ የመጨረሻ ማስረጃ ከዚያው ከተማ ይገኛል። ኅሩይ ያዩዋት ቶኪዮ ዛሬ የለችም። መጋቢት 1 ቀን 1937 ዓ.ም. ሌሊት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ባዘነቡት እሳት አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰው አልቋል፤ ከምድር መንቀጥቀጡ በኋላ የተሠራው ከተማ ብዙው ክፍሉ እንደገና ዐመድ ሆነ። ይሁንና ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሌላ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚያው ከተማ ጎዳና ላይ ሲሮጥ ሦስተኛዋ ቶኪዮ ተሠርታ ነበር። አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መንገዱን ዳርና ዳር በሞላው ሕዝብ መካከል ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ፈጸመ። በ22 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ከተማ እንደገና የሚነሣው ጡቡ ስለተረፈ አይደለም፤ የሚያነብ ሠራተኛ፣ የሚሰበሰብ ግብር፣ የሚሠራ ማዘጋጃ ቤት ስለተረፈ ነው። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ሲሉ የጠየቁት ጥያቄ፣ ከመመሳሰል ወደ መንስኤ የተሻገረ ስለነበር፣ ከኅሩይ መጽሐፍ አንድ እርምጃ ወደፊት የሄደ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነገር የሚመስለው ካለ በውጫሌ መሐል የሚያልፈውን የደሴ–ወልዲያ አስፋልት ይመልከት። ከሐይቅ ወደ መርሳ የሚበረው ዶልፊንና አባዱላ የጃፓን ስሪት ነው፤ እህልና ስሚንቶ የሚያመላልሰው አይሱዙም እንዲሁ፤ ሰውን ከገበያ ወደ ሰፈር የሚያደርሰው ባጃጅ ከህንድ የመጣ ነው። በኅሩይ ዘመን በየገበያው የሚለካው አቡጀዲ ብዙው ከጃፓን ይመጣ ነበር፤ የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ጃፓን የያዘችው በወዳጅነት ንግግር ሳይሆን በዋጋ ርካሽነት ነው። ያ ሆኖ፣ ሸማኔ ባለበት አገር ጨርቅ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ለምን ረክሶ ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ያነሣው ጎብኚው አልነበረም። ጥያቄው የገብረ ሕይወት ነበር፤ ዛሬም ያው ጥያቄ በሦስት እግር እየተሽከረከረ በውጫሌ ያልፋል። የእስያ ጎዳና ወደኛ መጥቷል፤ የመጣው ግን እንደ ሸቀጥ ነው፤ ሸቀጡን የሠራው ትምህርት ቤትና ፋብሪካ እዚያው ቀርቷል። ዛሬ ከውጫሌ፣ ከሐይቅ፣ ከደሴ ተነሥተው ወደ ቤጂንግ፣ ወደ ሴኡል፣ ወደ ዱባይ የሚሄዱ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ከኅሩይ ዘመን እጅግ ይበዛሉ። የሚልኩልን ፎቶ የድልድይና የፎቅ ነው። ስለ ግብሩ፣ ስለ ሥራ ሕጉ፣ ስለ ሙያ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሠራተኛው ማደሪያ የሚጽፍልን ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የኅሩይ ጉዞ ውጫሌ ላይ ሊነጠቅ የነበረውን መብት በተግባር ያዋለ ሥራ ነው፤ በዚህ ክብር ይገባዋል። ጎዳናውን መሠረቱ አድርጎ በማየቱ ግን እሳቸውን ብቻ ሳይሆን ትውልዱን አሳስቷል። የይስማ ንጉሥን ታሪክ የምታስተምሩ የአምባሰል መምህራን፣ 17ኛውን አንቀጽ ስታስተምሩ በዐድዋ አታቁሙ፤ «ማኅደረ ብርሃን»ን ከ«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጋር ጎን ለጎን አስነብቡ። ወደ እስያ ከተሞች የምትጓዙም ጎዳናውን አድንቁ፤ ከዚያ ግን ማን እንደሠራው፣ በማን ግብር እንደተሠራ፣ ማን እንዳስተማረው ጠይቁና በአማርኛ ጻፉልን።